ከጠፋው አምፖል ይልቅ ያለ ልክ የደመቀው ያሰጋል

ከጆሃንስበርግ በስተሰሜን ምሥራቅ በምትገኘው ቴምቢሳ ኤሌክትሪክ ዋነኛ መነጋገሪያ ከሆነ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 የኤኩርሁሌኒ ከተማ አስተዳደር የጣለው ወርሃዊ ቋሚ የኤሌክትሪክ ክፍያ ነዋሪዎችን ለተቃውሞ አደባባይ አውጥቶ፣ በኋላም ታግዷል። በእንዲህ ያሉ የደቡብ አፍሪካ መንደሮች ሱቅ ከፍተው የሚኖሩትን ኢትዮጵያውያን ጨምሮ ለማንኛውም ነዋሪ ግን ከክፍያው ባልተናነሰ ሊያሳስብ የሚገባው በግድግዳ ውስጥ የተደበቀው ብልሽት ነው።

ብልሽትን ለመለየት መነሻው ስፋቱን ማወቅ ነው። ሰፈሩ በሙሉ ከጨለመ ችግሩ ከቤቱ ውጭ ነው። አንድ ቤት ብቻ ከጨለመ በቅድሚያ የቆጣሪው ቀሪ ሂሳብና ዋናው ብሬከር ይታያሉ። ሶኬቶች እየሠሩ መብራቶች ብቻ ከጠፉ የመብራት መስመሩ ብሬከር ወርዶ ሊሆን ይችላል። ብሬከሩ እንደተነሣ ወዲያው ከወረደ በመስመሩ ላይ ሾርት ሊኖር ስለሚችል ደጋግሞ ማንሣት አይገባም። የጠፋው አንድ አምፖል ብቻ ከሆነ በሌላ ደህና አምፖል ይሞከራል። ከዚህ በፊት ግን ብሬከሩ መጥፋት አለበት፤ ማብሪያ ማጥፊያው በስሕተት በኒውትራሉ ሽቦ ላይ ተገጥሞ ከሆነ፣ መብራቱ ቢጠፋም አምፖል መያዣው ኤሌክትሪክ እንደያዘ ይቆያልና።

ከሁሉ የከፋው ምልክት በአንዱ ክፍል መብራቱ ሲደበዝዝ በሌላው ያለ ልክ መድመቁ ነው። በሦስት ፌዝ መስመር ላይ የኃይሉ የጋራ መመለሻ የሆነው ኒውትራል ሲላላ ወይም ሲበጠስ፣ የ230 ቮልቱ ሚዛን ይዛባል። ብዙ ዕቃ የተሰካበት ፌዝ ቮልቴጁ ሲወርድ፣ ጥቂት የተሰካበት ወደ 400 ቮልት ሊጠጋ ይችላል። ብሬከር የሚቆጣጠረው የኤሌክትሪክ ፍሰትን እንጂ ቮልቴጅን ባለመሆኑ ላይወርድ ይችላል፤ ማቀዝቀዣና ቴሌቪዥን ግን ይቃጠላሉ። ስለዚህ ዋናውን ብሬከር ወዲያው አጥፍቶ ዕቃዎችን መንቀልና ለአከፋፋዩ ማሳወቅ ያስፈልጋል።

የላላ ማያያዣም ሙቀት ይፈጥራል። የሚሞቅ ማብሪያ ማጥፊያ፣ የሚንጫጫ ድምፅ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታና የሚርገበገብ መብራት የእሳት ቅድመ ማስጠንቀቂያዎች ናቸው። እነዚህ ከታዩ መስመሩ ተዘግቶ የተመዘገበ ባለሙያ ይጠራ። የደቡብ አፍሪካ ሕግም የተከላ ሥራ ሲጠናቀቅ ባለሙያው የብቃት ማረጋገጫ ሰነድ እንዲሰጥ ያዛል፤ ቤት ወይም ሱቅ የሚከራይ ሰው ይህን ሰነድ አስቀድሞ ቢጠይቅ ንብረቱንም ሕይወቱንም ይጠብቃል።