ተጨማሪ መረጃ፦ የማድቤት ጭስና የልብ ደም ሥር
ከአምቦ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው እጃጂ፣ እንደ ብዙዎቹ ከተሞቻችን፣ በማገዶ የሚበሰልባቸው ማድቤቶች አሉ። ጭሱ ዓይንንና ሳንባን ብቻ አይጎዳም፤ ደቃቅ ብናኙ በሳንባ አልፎ የደም ሥርን ግድግዳ ያቆስላል። በቆሰለው ግድግዳ ላይ ስብ እየተከማቸ ይሄዳል። ያ ክምችት አንድ ቀን ሲሰነጠቅ ደም ይረጋና ልብን የሚመግበውን ሥር ይዘጋል፤ ሃርት አታክ የምንለው ይህ ነው። ሲጋራ፣ ስኳር በሽታ፣ ዕድሜና የቤተሰብ ታሪክም አደጋውን ይጨምራሉ። ይበልጥ የሚያሳስበው ግን ሳይሰማ የሚኖረው የደም ግፊት ነው፦ በ2015 እ.ኤ.አ. በተደረገ ሀገር አቀፍ ጥናት ከ100 ጎልማሶች 16 ያህሉ ነበረባቸው። ጨው ያባብሰዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም።