ሐሞት ብቻውን አይከሰስም

የሆድ ዕቃ ደዌን በመመርመር የሚኖር ሐኪም ከሕሙማን አንደበት ዘወትር የሚሰማው ጥያቄ «ምን በልቼ ነው ይህ የመጣብኝ?» የሚል ሲሆን፣ ጠያቂው በልቡ የሚሻው የአንድ ምግብ ስም፣ አንድ ተከሳሽ ነው፤ የትልቁ አንጀት ነቀርሳ ግን ከብዙ ምክንያት ተጋጥሞ በዝግታ የሚያድግ ደዌ ስለሆነ፣ ለአጭሩ ጥያቄ አጭር መልስ አይገኝለትም።

ማደንዘዣውን ትተው ምርመራውን በዓይናቸው ሊከታተሉ የመረጡ አንድ አዛውንት፣ ካሜራ ያለው ቱቦ ትልቁን አንጀት ዞሮ ከትንሹ አንጀት መገናኛ በደረሰ ጊዜ፣ በዚያ በር በኩል ጠብ ጠብ የሚለውን ቢጫ ፈሳሽ በምርመራው ማሳያ ላይ ተመልክተው፣ «ዶክተር፣ ያ ሐሞት አይደለም እንዴ? የጎዳኝ እሱ ነው በሉኛ!» አሉኝ። «ሐሞትስ ሐሞት ነው አባቴ፤ ዳሩ ግን ብቻውን አይከሰስም» አልኋቸው።

ሐሞት በጥንተ ተፈጥሮው በጎ አገልጋይ ነውና፤ ጉበት ከኮሌስትሮል የሚሠራቸው የሐሞት አሲዶች በሐሞት ከረጢት ተጠራቅመው ቆይተው፣ ቅባት ያለበት መብል ወደ ትንሹ አንጀት በወረደ ጊዜ ፈስሰው ቅባቱን ያሟሟሉ፤ አገልግሎታቸውንም ከፈጸሙ በኋላ ከመቶው 95 ያህሉ በትንሹ አንጀት መጨረሻ ተመጥጠው በደም ወደ ጉበት ይመለሳሉ። ወደ ትልቁ አንጀት የሚያመልጠውን ጥቂቱን ግን በዚያ የሚኖሩ ረቂቃን ተሕዋስያን ይቀበሉታል፤ ከእነርሱም ክሎስትሪዲየም ሲንደንስ የተባለውን የመሳሰሉት ባክቴሪያዎች ባሕርዩን ለውጠው ዲኦክሲኮሊክ አሲድ ያደርጉታል፤ ይህም በዝቶና ለዘመናት ሲመላለስ የአንጀቱን ልባስ ሕዋሳት ያቆስላል፣ ዲኤንኤያቸውን ይጎዳል፣ የመባዛታቸውንም ሥርዓት ያፋልሳል። በአንጻሩ ደግሞ የእህልና የአትክልት አሰር ሲደርሳቸው ቡቲሬት የሚባለውን አሲድ የሚያወጡ ባክቴሪያዎች አሉ፤ እርሱም ለእነዚያው ሕዋሳት ምግብ ሆኖ ብግነትን ይገታል። አንዱ ጥንስስ እንደ አያያዙ ጠላም ኮምጣጤም እንደሚወጣው፣ የአንጀታችንም ማኅበረ ተሕዋስያን እንደምንመግበው መጠን ይጠቅመናል ወይም ይጎዳናል።

ይህን ነገር አጉልቶ ያሳየው ስቲቨን ኦኪፍና ባልደረቦቹ በ2015 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት ነው። የአንጀት ነቀርሳ ከሚበዛባቸው ጥቁር አሜሪካውያን መካከል 20 የፒትስበርግ ሰዎች፣ ይህ ደዌ እምብዛም ከማይታይባቸው ከደቡብ አፍሪካ የኳዙሉ ናታል ገጠር ሰዎችም እንዲሁ 20 ተመርጠው፣ ለሁለት ሳምንት ማእዳቸውን ተለዋወጡ፤ አሜሪካውያኑ ቅባቱ አንሶ አሰሩ በዝቶ፣ አፍሪካውያኑ ሥጋውና ቅባቱ በዝቶ አሰሩ አንሶ ተመገቡ። በዚህች አጭር ጊዜም በአሜሪካውያኑ አንጀት ቡቲሬት ከሁለት እጥፍ በላይ ሲጨምር፣ በባክቴሪያ የተለወጠው የሐሞት አሲድ በ70 በመቶ ቀነሰ፣ ብግነቱም በረደ፤ በአፍሪካውያኑ ላይ ሁሉም ተገልብጦ ታየ።

እኔ ይህን ሳነብ የተደነቅሁት በፍጥነቱ ነው፤ ሆኖም የሁለት ሳምንት የአሲድ ለውጥ የነቀርሳ ፍርድ አይደለም። በአንጀት ግድግዳ ላይ የምትበቅል ፖሊፕ ወደ ነቀርሳ ለመለወጥ አብዛኛውን ጊዜ አሥር ዓመት ያህል ወይም ከዚያም በላይ ይፈጅባታል፤ ዕድሜ፣ የዘር ውርስ፣ ትምባሆና አልኮልም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። ስለዚህ በሁዳዴ ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ሲመገብ የከረመ ምእመን በፋሲካ ሰሞን ጮማ ስለ ቀመሰ አይደንግጥ፤ የሚመዘነው የአንድ ቀን ገበታ ሳይሆን የዓመታት ልማድ ነው፤ ጮማና ጥሬ ሥጋን የዘወትር ቀለብ ያደረገ ሰው ግን ልማዱን ቢመረምር መልካም ነው።

በምርመራ ክፍል ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳዝነኝ የመብሉ ነገር አይደለም፤ ከሰገራ ጋር ደም እያየ «ኪንታሮት ነው» ብሎ ወራትን በቅባትና በቅጠል ያሳለፈው ሕመምተኛ ነው። ፖሊፕ በጊዜ ከተገኘች በዚያው በምርመራው ቱቦ ተነቅላ ትወጣለች፤ ወደ ነቀርሳ ከተለወጠች በኋላ ግን ምስርም ጎመንም አይመልሷትም። እንግዲህ ማእዱን ማስተካከል ለሁላችን የሚገባ ጥንቃቄ ሲሆን፣ ደም ያየ ሰው ግን ከማእዱ በፊት ምርመራውን ያስቀድም።