በስሜን ደጋ ዕፅ፣ ተስፋና ጸበል፤ «ዳነ» ስለሚባለው ቃል

ከደባርቅ ተነሥቶ ወደ ስሜን ተራሮች የሚዘልቅ መንገደኛ አምባራስን የሚያገኘው ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው። አገሩ ገብስ የሚዘራበት፣ በግ የሚሰማራበት ደጋ ነው፤ በዙሪያውም አስታ፣ አምጃ፣ ጦስኝና ጅብራ ይበቅላሉ። የወባ ትንኝ በዚህ ብርድ ውስጥ አትራባም፤ ይሁን እንጂ ሳልና የሳንባ በሽታ፣ የሆድ ትል፣ የዓይን ሕመም፣ የወሊድ ጭንቅና የውሻ ንክሻ ደጋውንም አይምሩትም። በዚህ አገር የታመመ ሰው ሦስት ደጆች ይጠብቁታል፤ አንደኛው የባህል መድኃኒት ዐዋቂው ደጅ፣ ሁለተኛው የጸበልና የጸሎት ደጅ፣ ሦስተኛው በደባርቅ ወይም በጎንደር የሚገኘው ሐኪም ቤት ነው። ሕመምተኛው ብዙ ጊዜ ከሦስቱ አንዱን ብቻ አይመርጥም፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሄዳል፤ ብዙ ሕይወት የሚተርፈውም የሚጠፋውም በዚህ መመላለስ ቅደም ተከተል ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አንዱን ደጅ ለማመስገን ሌላውን ለመንቀፍ አይደለም። «የዛፍ ቅጠል፣ በጎ ተስፋና ሃይማኖት በሽታን ያድናሉን?» ተብሎ ሲጠየቅ አንዱ «አዎን» ሌላው «የለም» እያለ የሚከራከረው፣ ሁለቱም በአንድ ቃል የተለያየ ነገር ስለሚናገሩ መሆኑን ለማሳየት ነው። በቋንቋችን «መድኃኒት» እና «መድኃኔ ዓለም» ከአንድ ሥር የወጡ ቃላት ናቸው፤ «ዳነ» ማለትም ከደዌ ተፈወሰ ማለት ሲሆን ከጥፋት ተረፈ ማለትም ይሆናል። እንዲሁም ቍስሉ ሲጠግግ «ሻረ» እንላለን፤ ሕመሙ ሲቀልለው «ተሻለው» እንላለን። ለዚህ ጽሑፍ ሥራ እንዲመች ሦስቱን ቃላት እንለያቸው። የደዌው ምክንያት ከሥሩ ሲወገድ «ሻረ»፣ ሥቃዩ ሲቀንስ «ተሻለው»፣ ሰውየው ደዌው ቢቀርም ባይቀርም ከብቸኝነትና ከተስፋ መቍረጥ ወጥቶ በሰው መካከል ሲቆም «ዳነ» እንበል።

ስለ ዕፅ

በደጋው ከታወቁት መድኃኒቶች ሁሉ ኮሶ ቀዳሚውን ስፍራ ይይዛል። የኮሶ ዛፍ ወንዴውና ሴቴው የተለያዩ ናቸው፤ ለመድኃኒት አብልጦ የሚፈለገው ቀላ ያለው የሴቴው አበባ ነው። አበባው ደርቆ ይወቀጥና በውኃ ይዘፈዘፋል፤ ሕመምተኛውም ማለዳ በባዶ ሆዱ ይጠጣዋል፤ ከዚያ ሆዱን ያስቀምጠውና ትሉ ይወጣል። ኮሶ ከብዙዎቹ የአገር መድኃኒቶች የሚለይበት ነገር ይህ ነው፤ ምስክሩ በዓይን ይታያል። ትሉ ወጥቶ ካልታየ መድኃኒቱ እንዳልሠራ ባላገሩ ራሱ ይፈርዳል።

ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. የሊማሊሞን ዳገት ወጥቶ በደባርቅ በኩል ወደ ጎንደር ከገባ በኋላ ይህን ዛፍ በመጽሐፉ ገልጾ ለአውሮፓ አስታወቀ። በ19ኛው መቶ ዓመትም ኮሶ በአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ይሸጥ ነበር። በገዛ አገሩ ግን ሁሉ የሚጠጣው ሲሆን ሻጩ ይናቅ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ገና ካሣ ሳሉ እናታቸው ኮሶ ሻጭ ናቸው ተብሎ ይሰደቡ ነበር፤ ደጃዝማች ወንድይራድ የተባለው ተሳዳቢ በጦርነት በተማረከ ጊዜም ካሣ ከእናታቸው ገበያ የተረፈ ነው ብለው ኮሶ አጠጡት እየተባለ ይተረካል። እኚሁ ሰው በየካቲት 1847 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት በስሜን፣ በደረስጌ ማርያም ነው። ነገሩ ለጨዋታ ብቻ የሚነሣ አይደለም። «ሥር ማሽ፣ ቅጠል በጣሽ» ተብሎ የሚናቅ ሰው ዕውቀቱን ይሰውራል፤ ለአንድ ልጁ ብቻ በምስጢር ያስተላልፋል፤ መጠኑንም የሚያርምለት ባልደረባ አያገኝም። የኮሶ ትልቁ አደጋ ደግሞ የመጠኑ ነገር ነው፤ ከልክ ያለፈ እንደ ሆነ ዓይንን ይጎዳል፤ እርጉዝ ሴትንም ሊያስወርዳት ይችላል።

በምርመራ ሲታይ ኮሶ ትሉን እንደሚያስወጣ የታመነ ነው። ነገር ግን የትሉ ራስ ከአንጀት ግድግዳ ጋር ተጣብቆ የቀረ እንደ ሆነ በሁለት በሦስት ወር ውስጥ እንደ ገና ያድጋል። ባላገሩ በየሁለትና በየሦስት ወሩ ኮሶ የመጠጣት ልማድ የያዘው በከንቱ አይደለም፤ ልማዱ የትሉን ዕድገት ተከትሎ የተሠራ ነው። ከዚህም በላይ ጥሬ ሥጋ መብላትና በሜዳ መጸዳዳት እስካልቀሩ ድረስ ትሉ ከሰው ወደ ከብት፣ ከከብትም ወደ ሰው ይመላለሳል። ዛሬ ኒክሎሳማይድና ፕራዚኳንቴል የሚባሉት መድኃኒቶች በአንድ ጊዜ መጠን ይህን ሥራ በተሻለ ይፈጽማሉ። ስለዚህ ኮሶ ያሽራል፤ ሽረቱ ግን ብዙ ጊዜ ጎደሎ ነው።

ከዕፅ ወደ ተፈተነ መድኃኒት የሚወስደው መንገድ እንዳለ ሌሎች ምሳሌዎች ያስረዳሉ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1956 ዓ.ም. በዐድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው፣ እንዶድ የቢልሃርዚያን አስተላላፊ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል አረጋገጡ። በቻይናም ቱ ዩዩ ከጥንት መጽሐፍ ፍንጭ ተነሥተው፣ እ.ኤ.አ. በ1972 ከአንድ የአሪቲ ዘመድ ከሆነ ቅጠል አርቴሚሲኒን የተባለውን የወባ መድኃኒት ለዩ፤ እ.ኤ.አ. በ2015ም የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ሁለቱም «የአባቶች ዕውቀት ነውና እውነት ነው» ወይም «የባላገር ወሬ ነውና ሐሰት ነው» አላሉም፤ ፈተኑት።

ስለ ተስፋ

በጎ ማሰብ ይፈውሳል የሚለው አሳብ በዘመናችን ከውጭ የመጣ ይመስላል፤ ዳሩ ግን አስታማሚ በሕመምተኛ ፊት እንዳያለቅስ የሚከለክለው ወግ ከዚሁ አሳብ የመነጨ ነው። ሳይንስም ይህን በባዶው አልተወውም። እ.ኤ.አ. በ1978 ጥርሳቸውን ለተነቀሉ ሰዎች መድኃኒት መስሎ ባዶ ነገር ሲሰጣቸው ሕመማቸው ቀለለላቸው፤ ናሎክሶን የተባለው መድኃኒት በተሰጣቸው ጊዜ ግን ያ እፎይታ ጠፋ። ናሎክሶን የሞርፊንን ሥራ የሚያግድ ስለ ሆነ፣ ተስፋ ያደረገ ሰው ሰውነት ራሱ የሕመም ማስታገሻ እንደሚያመነጭ ከዚህ ተገመተ። ስለዚህ ተስፋ ያሻላል ማለት ተረት አይደለም።

ወሰኑንም እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ ጥናት አስም ያለባቸው ሰዎች አንድ ጊዜ እውነተኛ መድኃኒት፣ አንድ ጊዜ ባዶ መድኃኒት፣ አንድ ጊዜ የይስሙላ መርፌ ተሰጣቸው፤ አንድ ጊዜም ምንም አልተሰጣቸውም። ሕመምተኞቹ በሦስቱም እኩል ያህል እንደ ተሻላቸው ተናገሩ። ትንፋሻቸው በመሣሪያ ሲለካ ግን እውነተኛው መድኃኒት 20 ከመቶ ሲያሻሽል፣ ባዶዎቹ ምንም ካለማድረግ ሳይለዩ 7 ከመቶ ያህል ሆኑ። በ1,093 የራስና የአንገት ነቀርሳ ሕመምተኞች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመው ጥናትም የመንፈስ ደስታ ዕድሜያቸውን እንዳላራዘመው አሳየ። እንግዲህ ሕመምተኛ በሞተ ጊዜ «ተስፋ ቢያደርግ ኖሮ» ብሎ መናገር በሟች ላይ የማይገባ ዕዳ መጫን ነው።

በጎንደር የዛር ማኅበር የታየው ግን ሌላ ዓይነት ነገር ነው። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1932 በጎንደር ተቀምጦ የዛርን ሥርዐት አጥንቷል፤ አሜሪካዊው ሳይመን ሜሲንግም እ.ኤ.አ. በ1958 ባወጣው ጽሑፍ ማኅበሩ ለተገፉ ሰዎች፣ ይልቁንም ለሴቶች፣ የጋራ ፈውስና ክብር የሚገኝበት ስፍራ መሆኑን ገልጿል። ዛሩ አይወጣም፤ ይለመናል እንጂ። ሕመምተኛዋም ከደዌዋ ጋር የምትኖርበትን ወንበር በማኅበሩ ታገኛለች። ይህ መሻር አይደለም፤ ከላይ በለየነው ትርጕም ግን መዳን ሊባል ይችላል።

ስለ ሃይማኖት

ብሩስ ጎንደር በደረሰ ጊዜ በቍስቋም፣ በእቴጌ ምንትዋብ ግቢ፣ የመሳፍንቱ ልጆች በፈንጣጣ ታመው ነበር። እርሱ እንደ ጻፈው፣ አስቀድሞ የተጠራው ከዋልድባ የመጣ፣ በጾሙ የታወቀ መነኩሴ ነበር፤ የእመቤታችንን ሥዕልና መስቀልን በማኖር እንደሚፈውሳቸው ተስፋ ተሰጥቶ ነበር። የራስ ሚካኤል ልጅ ወልደ ሐዋርያት ግን ሞተ፤ መነኩሴውም ከከተማው ወጣ። ከዚያ በኋላ ብሩስ በርና መስኮቱን አስከፍቶ፣ ቤቱን በዕጣንና በከርቤ አጥኖ፣ በሆምጣጤም አሳጥቦ የቀሩትን አስታመመ፤ የወይዘሮ አስቴር ልጅ ክንፉም ተረፈ።

ይህን ታሪክ ያነበቡ ብዙዎች ሐኪሙ መነኩሴውን እንደ ረታው አድርገው ይተርኩታል። ፍርዱ ግን ትክክል አይደለም። ፈንጣጣ ያልተከተቡትን ከአሥሩ ሦስት ያህሉን ይገድል ነበር፤ ሰባቱ ያህል ማንም ባይነካቸውም ይተርፋሉ። ስለዚህ መነኩሴው አንዱ ስለ ሞተበት ሐሰተኛ አልሆነም፤ ብሩስም አንዱ ስለ ተረፈለት ፈዋሽ አልሆነም። ንጹሕ አየር ለታመሙት ዕረፍት ሰጥቷቸው ይሆናል፤ ፈንጣጣን ግን አላሻረም። ፈንጣጣን ከኢትዮጵያ ያጠፋው ክትባት ነው፤ የመጨረሻው ሕመምተኛ በአገራችን የተገኘው በ1968 ዓ.ም. ነው። የሚያስደንቀው፣ ከታማሚ ቍስል መግል ወስዶ ጤነኛውን መከተብ ለአገራችን ሰው እንግዳ አለመሆኑ ነው፤ በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በትግራይ የኖረው እንግሊዛዊው ናትናኤል ፒርስ ይህን ልማድ አይቶ ጽፏል።

የውሻ ንክሻ

ከዚህ የቍስቋም ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ዛሬ የሞትና የሽረት ጉዳይ የሚሆነው በእብድ ውሻ ንክሻ ላይ ነው። በጎንደርና በስሜን አገር እረኛና መንገደኛ በውሻ ሲነከስ ወደ መድኃኒት ዐዋቂ ወይም ወደ ጸበል አስቀድሞ መውሰድ የተለመደ ነው። በዚህም ብዙ ሰው «ዳነ» ይባላል። ምክንያቱ እንዲህ ነው። የነከሰ ውሻ ሁሉ እብድ አይደለም፤ በእብድ ውሻ የተነከሰም ሁሉ አይታመምም። ደዌውም ለመገለጥ ብዙ ጊዜ ከሳምንታት እስከ ወራት ይቈያል። ስለዚህ ቀድሞውኑ የማይታመም የነበረው ሰው በመድኃኒቱ እንደ ዳነ ይቈጠራል፤ ከወራት በኋላ የሞተው ደግሞ ከንክሻው ጋር ሳይያያዝ ይቀራል። ኮሶ በዓይን የሚታይ ምስክር አለው፤ የንክሻ መድኃኒት ግን ምስክር የለውም።

ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1885 ከጀመረው ወዲህ ክትባት ይህን ደዌ ይከለክላል፤ የሚከለክለው ግን ምልክቱ ሳይታይ በፊት በተሰጠ ጊዜ ነው። ቍስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና ለሩብ ሰዓት ያህል ማጠብ፣ ሳይውሉ ሳያድሩም ወደ ጤና ድርጅት መሄድ ይገባል። ውኃ መፍራት ከጀመረ በኋላ በምድር ላይ የሚያሽር መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ በዚህ ደዌ የመጀመሪያው ደጅ ምርጫ የመጨረሻው ፍርድ ይሆናል።

መደምደሚያ

ሃይማኖት ራሱ ይህን መለየት አይጠላም። ቤተ ክርስቲያናችን የምትቀበለው መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምም ከምድር የሚገኝ መድኃኒትም ከእግዚአብሔር መሆናቸውን ያስተምራል። በእንጦጦ ማርያም ጸበል የተጠመቁ አንዳንድ የኤድስ ሕመምተኞች መድኃኒታቸውን ባቆሙበት ዘመንም፣ ፓትርያርኩ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጸበሉና መድኃኒቱ እንደማይጣሉ፣ መድኃኒቱን መውሰድም ኃጢአት እንዳልሆነ በይፋ አስታወቁ። ጸበልን ሳይነኩ ሕይወትን ማትረፍ የሚቻለው በዚህ ዓይነት ምክር ነው፤ «ወይ ይህን ወይ ያን» የሚል ሐኪምም ሆነ አጥማቂ ሕመምተኛውን ከአንዱ ደጅ ያባርረዋል።

የባህል ተመራማሪም ድርሻ አለው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል፤ መድኃኒቱን የደበቀም እንዲሁ ነው። ስለዚህ የመድኃኒት ዐዋቂውን ቃል የሚመዘግብ ተማሪ የዕፁን ስም ብቻ ይዞ አይመለስ፤ መጠኑን፣ የተሰጠበትን ደዌ፣ የታከሙትን ሁሉ ቍጥር፣ ያልዳኑትንም ጭምር ይጻፍ። ከዳኑት ብቻ የተሰበሰበ ምስክርነት ከቍስቋም ታሪክ አይሻልም። ሰው ከአምባራስ ቍልቍል ወደ ደባርቅ ሲወርድም ጸሎቱን ከእርሱ ጋር ይዞ ሊወርድ ይችላል፤ ተስፋው መንገዱን ያቀልለታል፤ ጸሎቱም ብቻውን አለመሆኑን ያስታውሰዋል፤ ክትባቱን ግን የሚያገኘው ከመንገዱ ጫፍ ከሐኪም ቤት ነው።