የፓሌት ሂሳብ

በአዲስ አበባ ካፌዎች ከምናያቸው የፓሌት ሶፋዎች ብዙዎቹ በሚስማር ተቸንክረው የቀሩ ናቸው። ቀለም ተቀብተው፣ ስፖንጅ ተደርቦባቸው ያምራሉ፤ አንድ ጊዜ ሶፋ ከሆኑ በኋላ ግን ሌላ ነገር አይሆኑም። ያስቆጫል። ፓሌትን፣ ማለትም ዕቃ የሚጫንበትን የእንጨት ርብራብ፣ ከሌላው ውዳቂ እንጨት የሚለየው ርካሽነቱ አይደለም፤ ልኩ አስቀድሞ የታወቀ መሆኑ ነው።

የአውሮፓ ባቡር ድርጅቶች እ.ኤ.አ. በ1961 በአንድ ልክ ተስማሙ፦ ርዝመቱ 120፣ ወርዱ 80፣ ከፍታው 14.4 ሳንቲ ሜትር። ሚስማሩ ሳይቀር ተቆጥሯል፤ 78 ነው። ክብደቱ 25 ኪሎ ገደማ ሆኖ ከአንድ ቶን በላይ ይሸከማል፤ የእንግዳ ክብደት ለእሱ ምኑም አይደለም።

ሁለት ፓሌት ሲደራረብ ወደ 29 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። የ15 ሳንቲ ሜትር ስፖንጅ ሲጨመርበት 44፣ ማለትም የወንበር ከፍታ ይሆናል። እንግዲህ ስድስት ፓሌት አለዎት እንበል። ሁለት ሁለት አድርገው ሦስት ድርብ ይሥሩ። ሁለቱን ድርብ በርዝመታቸው ቢያስከትሉ የ2 ሜትር ከ40 ሶፋ፣ ሦስተኛው ደግሞ የቡና ጠረጴዛ ነው። የሚያድር እንግዳ ሲመጣ ሦስቱንም ጎን ለጎን ያገጣጥሟቸው፤ 1.20 በ1.90 ፍራሽ ተዘርግቶ በራስጌው 50 ሳንቲ ሜትር ይተርፋል፤ ለመብራትና ለስልክ። አንዱ ድርብ 50 ኪሎ ስለሆነ ከሥሩ ጎማ ማስገጠም ወገብ ያድናል።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን በብሎንና በዳዶ ከታሰረ ነው። ሚስማር ሲነቀል ጣውላውን ይሰነጥቀዋል፤ ብሎን በቁልፍ ይፈታል። ሮንዴላ አይርሱ፤ የፓሌት እንጨት ለስላሳ ስለሆነ የብሎኑ ራስ ይሰምጥበታል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የኔዘርላንዱ ጌሪት ሪትፌልት እ.ኤ.አ. በ1934 ከዕቃ ማሸጊያ ሳጥን ጣውላ የተሠራ ወንበር ነድፎ ነበር፤ የሚሸጠውም ሳይገጣጠም ነበር።

ሲገዙ ሁሉም አንድ ልክ ይሁኑ፤ 120 በ100 የሆነ ከተቀላቀለ ሂሳቡ ይፈርሳል። ከመክፈልዎ በፊት ደግሞ ጎኑ ላይ የታተመውን ያንብቡ። ኤች ቲ የሚሉት የላቲን ፊደላት የእንጨቱ ውስጥ በ56 ዲግሪ ሙቀት 30 ደቂቃ መቆየቱን ይናገራሉ። ኤም ቢ ካለ ሜቲል ብሮማይድ በሚባል መርዛማ ጋዝ ታጥኗል ማለት ነው፤ በነፃ ቢሰጡዎትም ቤት አያስገቡት።