ቶምና ጄሪ፣ የድሮው ሸክላና የዶርዜ ድምፅ

የሰው ልጅ ቀኑን ሲሠራ ውሎ ማታ ወደ ቤቱ ሲገባ፣ አካሉን በእህልና በውሃ እንደሚያሳርፍ ሁሉ መንፈሱንም የሚያሳርፍበት ነገር ይሻል። በአርባ ምንጭ ከተማ፣ በሲቀላም ሆነ በሴቻ፣ የቀኑ ሙቀት በርዶ የሐይቁ ነፋስ በመስኮት መግባት ሲጀምር በየቤቱ የሚታየው የማታ ጨዋታ ግን ከጊዜ ወደ ጊዜ እየተለወጠ ሄዷል። አባት በስልኩ፣ እናት በተከታታይ ድራማዋ፣ ልጆችም በየማዕዘናቸው ሆነው እያንዳንዱ ለብቻው ይስቃል፤ ለብቻውም ያዝናል። በአንድ ጣራ ሥር ያሉ ሰዎች አብረው መሳቅ ካቆሙ ደግሞ ቤቱ ቤትነቱ ቀርቶ ማደሪያ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ዛሬ ለአንባቢ ላቀርብ ያሰብሁት ቤተ ሰብን እንደገና በአንድ ምንጣፍ ላይ ሊሰበስቡ ስለሚችሉ ሁለት አሮጌ ነገሮች ነው፤ ይኸውም ስለ ጥንቱ የካርቱን ፊልምና ስለ ጥንቱ ዜማ ነው።

ከካርቱኑ እንጀምር። ዋልት ዲስኒ «ስቲምቦት ዊሊ» የተባለውን፣ ሚኪ ማውስ በመርከብ ላይ ሆኖ የሚያፏጭበትን አጭር ፊልም ለሕዝብ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1928፣ በእኛ አቆጣጠር በኅዳር 1921 ዓ.ም. ነበር። ከዚያ በፊትም የሚንቀሳቀስ ሥዕል ነበረ፤ የዚህኛው ብልሃት ግን ሥዕሉና ሙዚቃው እግር በእግር እንዲከተሉ መደረጋቸው ነው። ከዚህ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1940 ዊልያም ሃና እና ጆሴፍ ባርቤራ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የድመቱንና የአይጡን ጠብ ጀመሩ። እስከ 1958 ድረስ 114 የቶምና ጄሪ ፊልሞችን ሠርተው ከእነዚህ ውስጥ 7ቱ የኦስካር ሽልማት አግኝተዋል።

ሥራው የሚጠይቀውን ድካም ለመገመት ጥቂት ሒሳብ ይበቃል። ፊልም በ1 ሰከንድ 24 ፎቶግራፍ ያሳልፋል። ሠዓሊዎቹ ብዙውን ጊዜ አንዱን ሥዕል ለሁለት ፎቶግራፍ ስለሚጠቀሙበት ለ1 ሰከንድ 12 ሥዕል ያስፈልጋል፤ ለ7 ደቂቃ ፊልም 5,040 ሥዕል መሆኑ ነው። ይህም ለአንዱ ተዋናይ ብቻ ነው፤ ድመቱም አይጡም አብረው ሲሮጡ ሥራው እጥፍ ይሆናል። ሁሉም በእጅ የተሣለ ነው። የዶርዜ ሸማኔ መወርወሪያውን ስንት ጊዜ ወዲያና ወዲህ እንደሚወረውር ጋቢውን የለበሰ ሰው እንደማይቆጥር ሁሉ፣ በ7 ደቂቃ ስቆ የሚነሣ ሕፃንም ይህን ድካም አያየውም። ለልጁ ቢነገረው ግን ማየትን ብቻ ሳይሆን ሥራን ማክበርንም ይማራል።

የቶምና ጄሪ ትልቁ ጥቅም ንግግር የሌላቸው ያህል መሆናቸው ነው። እኔ በተከራየሁበት ግቢ ከጨንቻ ደጋ የመጡ አንዲት አያት አሉ። እሳቸው የሚናገሩት ጋሞኛ ነው፤ የልጅ ልጃቸው ደግሞ አማርኛና እንግሊዝኛ መደባለቅ ይወዳል። ዜና ሲነበብ አያቲቱ ዝም ይላሉ፤ ቶምና ጄሪ ሲመጡ ግን አስተርጓሚ አያሻም። ልጆቹ ሁሉ የአይጡ ወገን ናቸው። እሳቸው ግን ስንት ዘመን ገብሳቸውን አይጥ የበላባቸው ባለቤት ስለሆኑ ከድመቱ ጋር ይወግናሉ፤ ቶም በተመታ ቁጥርም ከልብ ያዝናሉ። በዚህ ምክንያት በሚነሣው ክርክር ልጁ ስለ ጎተራ፣ ስለ ገብስና ስለ ደጋ ኑሮ ከአያቱ ብዙ ይሰማል። እንዲህ ያለውን ወሬ መምህር በክፍል ውስጥ በግድ ሊያስወራ አይችልም።

ሆኖም አሮጌ የሆነ ሁሉ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። በዚያ ዘመን ከተሠሩት ካርቱኖች በአንዳንዶቹ ጥቁር ሰዎች በሚያዋርድ መልክ ተሥለዋል። ወላጅ አብሮ ከተቀመጠ ይህን ለልጁ ሊያስረዳው ይችላል፤ ልጁ ብቻውን በስልክ ካየው ግን የሚያስረዳው የለም። አብሮ የማየት ጥቅሙ አንዱ ይህ ነው።

አንባቢ ሆይ፤ አንድ ቀን ማታ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ዘግተህ ካርቱኑን እይ። ሳቁ በግማሽ ይቀንሳል። ለሃና እና ለባርቤራ ፊልሞች ሙዚቃ ያዘጋጅ የነበረው ስኮት ብራድሊ እያንዳንዱን እርምጃና ውድቀት በዜማ ይከተለው ነበርና ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 በወጣው በአንደኛው ፊልም ቶም የፍራንዝ ሊስትን ሁለተኛ የሃንጋሪ ራፕሶዲ በፒያኖ ሲጫወት፣ ጄሪ በፒያኖው ውስጥ ሆኖ ያውከዋል። ልጅ እየሳቀ የታላቅ ደራሲ ዜማ በጆሮው ይገባል። ጆሮው ከተከፈተ ዘንድ የአገሩንም ጥንታዊ ዜማ ቢያሰሙት መልካም ነው።

የአገራችን ዘመናዊ ሙዚቃ ታሪክ ከልብ ወለድ ይበልጥ ይጥማል። ልዑል አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ላይ ያገኟቸውን 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ከነሙዚቃ መሣሪያቸው ወደ አዲስ አበባ አስመጡ፤ «አርባ ልጆች» የተባሉትም እነዚህ ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንድያን ነበሩ። በኋላም የክብር ዘበኛና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች ታላላቅ ድምፃውያንን አፈሩ። ሸክላ የማሳተም መብት በሕግ ለሀገር ፍቅር ብቻ የተሰጠ በነበረበት ጊዜ፣ አምሃ እሸቴ የተባለ በሀያዎቹ ዕድሜ የነበረ ወጣት ደፍሮ በ1961 ዓ.ም. አምሃ ሪከርድስን አቋቋመ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ100 የሚበልጡ ባለ 45 ዙር ሸክላዎችን አወጣ፤ ዓለማየሁ እሸቴ፣ ማህሙድ አህመድ፣ ሙላቱ አስታጥቄም በእርሱ ሸክላ ተሰምተዋል። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለው ፈረንሳዊ ከ1990 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በሚል ተከታታይ ሥራ እነዚህን ዜማዎች እንደገና ስላሳተማቸው ዛሬ በዓለም ዙሪያ ይደመጣሉ።

የጋሞ ዜማ ነገር ግን ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ የሚወስደውን ዳገት የወጣ መንገደኛ በዶርዜ በበዓል ቀን ቢደርስ፣ በሌላው የአገራችን ክፍል እምብዛም የማይሰማ አዘፋፈን ያገኛል። አንዱ ከፍ ባለ ድምፅ ያነሣል፤ ሌላው በመሐል ይገባበታል፤ የቀረው ሕዝብ ከሥር ይይዘዋል። እያንዳንዱ የየራሱን ዜማ ሲይዝ ዘፈኑ አንድ ይሆናል። ቤርናር ሎርታ ዣኮብ የተባለ ፈረንሳዊ የሙዚቃ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ውስጥ ይህን በቴፕ ቀርጾት በፓሪስ በሸክላ ታትሞ ወጥቷል።

እንግዲህ የሚያሳስበው እዚህ ላይ ነው። የአያቱ ድምፅ በፓሪስ መደርደሪያ ተቀምጦ የልጅ ልጁ በሲቀላ ሳይሰማው ሊያድግ ይችላል። ይህ ዘፈን ደግሞ አንድ ሰው ለብቻው የሚወርሰው አይደለም። የአንዱን ድምፅ ብቻ የሚያውቅ ሰው የዘፈኑን ቁራጭ ያውቃል እንጂ ዘፈኑን አያውቅም። ብዙ ወጣት ለሽመና ወደ አዲስ አበባ፣ ለትምህርትና ለሥራም ወደ ሌላ ከተማ በሚሄድበት አገር የጎደለውን ድምፅ የሚሞላ ሰው በሕይወት ሳለ መያዝ ይገባል።

ለዚህ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። በሣጥን የተቀመጠ ካሴት ቢኖር ከፀሐይ፣ ከእርጥበትና ከድምፅ ማጉያ ማግኔት ይራቅ፤ የቆላው ሙቀት ሸክላንም ካሴትንም ያጣምማልና። የላላ ክር ካለው በእርሳስ ቀስ ብሎ መጠቅለል፣ የቴፑንም ራስ በአልኮልና በጥጥ መጥረግ፣ ከዚያም በሽቦ ወደ ኮምፒዩተር ወይም ወደ ስልክ ማስተላለፍ ነው። የዘፋኙ ስም፣ ቦታውና ዓመተ ምሕረቱ አብሮ ይጻፍ። ለመስቀል አያቶች ሲሰበሰቡ ደግሞ ልጆች ስልካቸውን ይዘው ሁሉንም ድምፅ በአንድነት፣ ቀጥሎም እያንዳንዱን ለየብቻው ይቅረጹ። እንዲህ ከሆነ ነገ ሊማረው የሚሻ ሰው የሚይዘው ድምፅ ያገኛል።

ከመቅረጽም በኋላ መዝፈን ይቅደም። በከተማችን መብራት የጠፋ ማታ ቴሌቪዥኑ ይጨልማል፤ ቶምና ጄሪም ይቆማሉ። በዚያች ማታ አያትየው ዜማውን ቢያነሡ፣ ልጆቹም የየድርሻቸውን ድምፅ ቢይዙ፣ መብራቱ እስኪመጣ ድረስ ጨዋታው ይቀጥላል።