ማን ለወጠው? መቼ? ለምን? የክፍት ምንጭ ሶፍትዌር የለውጥ መዝገብ

የብራና ጸሐፊ የተሳሳተውን ፊደል በስለት ፍቆ በቦታው ሌላ ይጽፋል። በሰቆጣና በአካባቢዋ ባሉ ጥንታውያን አብያተ ክርስቲያናት የብራና መጻሕፍትን ያገላበጠ ሰው የፍቁን ምልክት ሳያስተውል አይቀርም። ይሁን እንጂ ማን፣ መቼና ለምን እንደፋቀው ብራናው አይነግረውም።

ይኸው ጥያቄ በሶፍትዌር ዓለም ገዝፎ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1991 ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ ፊንላንዳዊ ተማሪ የጀመረው ሊኑክስ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው። በየዘጠኝ ወይም አሥር ሳምንቱ በሚወጣው አዲስ ዕትም ከ10,000 በላይ ለውጦች ይካተታሉ፤ ለውጦቹን የሚልኩትም በአብዛኛው ፊት ለፊት ተያይተው የማያውቁ ከ1,000 የሚበልጡ ሰዎች ናቸው። ታዲያ ይህ ሁሉ እጅ የገባበት ሥራ እንዴት ሳይደበላለቅ ይቀጥላል?

ፕሮጀክቱ ከ2002 ጀምሮ ቢትኪፐር በተባለ የንግድ መሣሪያ ይገለገል ነበር። በ2005 የነፃ አገልግሎቱ ሲቋረጥ ቶርቫልድስ ጊት የተባለውን መሣሪያ መሥራት ጀመረ፤ ጊትም በጥቂት ቀናት ውስጥ የራሱን ኮድ ለውጦች መመዝገብ ቻለ። በጊት እያንዳንዱ ለውጥ የለዋጩን ስም፣ ቀኑንና ምክንያቱን ይዞ ይመዘገባል። ከይዘቱና ከቀዳሚው ለውጥ መለያ ተሰልቶም 40 ምልክቶች ያሉት የራሱ መለያ ይሰጠዋል። በመሆኑም አንድ ሰው የቆየ መዝገብ ውስጥ አንዲት ፊደል ቢነካ የዚያም ሆነ ከዚያ በኋላ ያሉት መለያዎች ሁሉ ይለወጣሉ። ፍቁ አይሰወርም ማለት ነው።

መዝገቡ ስሕተትን ለማደንም ያገለግላል። ትናንት ይሠራ የነበረ ፕሮግራም ከ1,024 ለውጦች በኋላ ቢበላሽ ሁሉንም መፈተሽ አያስፈልግም። መካከለኛውን ፈትነን ደህና ከሆነ ወደ ኋለኛው፣ ካልሆነ ወደ ቀደመው ግማሽ እንሄዳለን። 2 በ10 ጊዜ ሲባዛ 1,024 ስለሚሆን በ10 ሙከራ ጥፋተኛውን ለውጥ እናገኛለን።

ጉዳዩ ከእኛም የራቀ አይደለም። ሊኑክስን የሚጠቀሙ አብዛኞቹ ኮምፒውተሮች የቀንና የወር ስሞችን የሚያነቡት ጂሊብሲ ከተባለው የጋራ ፕሮጀክት ነው። በዚያ ውስጥ የአማርኛ፣ የትግርኛና የሲዳምኛ ፋይሎች ይገኛሉ፤ ከዋግ ኽምራው ኽምጣንጋ ጋር ከአገው ቋንቋዎች የሚመደበው ብሊንም የራሱ ፋይል አለው። በእነዚህ ፋይሎች አንድ ፊደል ቢሳሳት ስሕተቱ በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ ይታያል። ነገር ግን የፋይሉ ታሪክ ክፍት በመሆኑ በሰቆጣ ያለ ተማሪም መስመሩ መቼ እንደገባ መርምሮ ማረሚያ ሊልክ ይችላል። እያንዳንዱ የጊት ቅጂ ሙሉውን ታሪክ ስለሚይዝ፣ አንድ ጊዜ በፍላሽ ከመጣ ኢንተርኔት በተቋረጠበት ቀን እንኳ ሊነበብ ይችላል።

ይሁንና መዝገብ ብቻውን ዘበኛ አይሆንም። በ2024 ኤክስዜድ በተባለ የፋይል ማመቂያ ፕሮጀክት የደረሰውን እንመልከት። ጂያ ታን በሚል ስም የሚጠራ ተሳታፊ ከሁለት ዓመት በላይ ጠቃሚ ሥራ እየሠራ አመኔታን አተረፈ። ከዚያም በ5.6.0 እና በ5.6.1 ዕትሞች ውስጥ ባዕድ ሰው ከሩቅ ኮምፒውተር እንዲገባ የሚያስችል ስውር በር አስገባ። ተንኮሉ ለሙከራ በተቀመጡ፣ ሰው ሊያነባቸው በማይችል ፋይሎች ውስጥ ተደብቆ ነበር። እርሱን የሚቀሰቅሰው መስመር ደግሞ በጊት መዝገብ ሳይሆን ለሕዝብ በተሰራጨው ጥቅል ውስጥ ብቻ ነበር። አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ወደ ኮምፒውተር መግቢያው ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ ከንክኖት ምክንያቱን ተከታትሎ ደረሰበት፤ መጋቢት 29 ቀን 2024 (እ.ኤ.አ.) ለዓለም አሳወቀ።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ መዝገቡ የሚነግረን ስሙን እንጂ ሰውየውን አይደለም። ሁለተኛ፣ የተመዘገበውና የተሰራጨው አንድ መሆናቸውን የሚያስተያይ ሰው ከሌለ የመዝገቡ ንጽሕና ብቻውን አይጠቅምም።

ውድ አንባቢያን፣ የመመረቂያ ፕሮጀክታችሁን ኮድ ስትጽፉ ከዛሬ ጀምሮ እያንዳንዱን ለውጥ ከነምክንያቱ መዝግቡ፤ የጓደኛችሁንም ለውጥ ሳታነቡ አትቀበሉ። ከዓመታት በኋላ «ይህን ማን ለወጠው? ለምን?» ብሎ ለሚጠይቅ እንግዳ መልስ የሚሰጠው ያ መዝገብ ነው፤ ብዙ ጊዜም እንግዳው እናንተው ራሳችሁ ትሆናላችሁ።