የፀሐይ ኃይል መሣሪያ ሲመረጥ፦ በአንድ ሣጥን የተጠቃለለ ወይስ በየክፍሉ የሚገጣጠም?

ባኮ ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምት በሚወስደው ጎዳና ላይ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። በዚህ አካባቢ መብራት ያልደረሳቸው ወይም የሚቆራረጥባቸው አጥቢያዎች የፀሐይ ኃይል ለማስተከል ሲነሡ ሁለት ምርጫ ይቀርብላቸዋል። አንደኛው ባትሪው፣ የባትሪው ሙሌት መቆጣጠሪያና ኢንቨርተሩ በአንድ ሣጥን ተጠቃልለው የሚሸጡበት ነው፤ ሁለተኛው እያንዳንዱ ክፍል ለየብቻው ተገዝቶ በባለሙያ የሚገጣጠምበት ነው።

የተጠቃለለው መሣሪያ ክፍሎቹ በፋብሪካ የተመጣጠኑ ስለሆኑ የተከላ ስሕተት ይቀንሳል። ነገር ግን አንዱ ክፍል ሲበላሽ መሣሪያው በሙሉ ሊቆም ይችላል፤ መለዋወጫውንም ከአምራቹ ወኪል ውጭ ማግኘት ብዙ ጊዜ ያስቸግራል። በየክፍሉ በሚገጣጠመው ግን ያረጀው ባትሪ ብቻ ይለወጣል። ሆኖም ያለ ፊውዝ ወይም በቀጭን ሽቦ ከተያያዘ ቃጠሎ ሊያስነሣ ይችላል፤ ንዋያተ ቅድሳትና የብራና መጻሕፍት በሚገኙበት ሕንፃ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከምርጫው በፊት ፍጆታው ይሰላ። ባለ 10 ዋት 6 አምፖሎች ለ4 ሰዓት 240 ዋት ሰዓት ይወስዳሉ፤ ባለ 80 ዋት የድምፅ ማጉያም ለ3 ሰዓት እንዲሁ 240 ይወስዳል። በኢንቨርተሩ የሚባክነው 15 በመቶ ቢሆን ጠቅላላው 565 ያህል ይደርሳል። ባለ 12 ቮልትና 100 አምፒር ሰዓት የእርሳስ ባትሪ 1,200 ዋት ሰዓት ቢይዝም፣ ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሹ በላይ ባይወሰድ ይመረጣል። ስለዚህ የሚበቃው ለአንድ ሌሊት ብቻ ነው። በጾመ ፍልሰታ፣ ከነሐሴ 1 እስከ 15፣ አገልግሎቱ በሚበዛበት ወቅት ሰማዩ ደመናማ ስለሚሆን ተጨማሪ ባትሪ ያስፈልጋል፤ ብዙዎቹ የተጠቃለሉ መሣሪያዎች ደግሞ ባትሪ መጨመር አይፈቅዱም።

ስለዚህ ጥቂት አምፖሎች ለሚበቁት አነስተኛ ቤት የተጠቃለለውን፣ ማኅሌትና ቅዳሴ ለሚካሄድበት ቤተ ክርስቲያን ግን በባኮ ወይም በአምቦ የሚጠግን ባለሙያ እስካለ ድረስ በየክፍሉ የሚገጣጠመውን እንመክራለን። ባለሙያ ከሌለ፣ ባትሪ ሊጨመርበት የሚችል የተጠቃለለ መሣሪያ ይፈለግ። ገንዘቡ የምእመናን አስተዋጽኦ ነውና፣ ኮሚቴው ውል ከመፈረሙ በፊት መሣሪያው ሲበላሽ ማን፣ በስንት ቀን፣ በማን ወጪ እንደሚጠግነው በጽሑፍ ያስፍር።